የአንቲቦዲ ስክሪኒንግ ማሽን ስትመርጡ ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ ጠይቁ

አንቲቦዲ ስክሪኒንግ በሽተኛው ደም ከመውሰዱ በፊት ፕላዝማው ውስጥ የለጋሽን ቀይ የደም ሴል የሚያጠቃ አንቲቦዲ መኖሩን የሚፈትሽ ምርመራ ነው። የሻጭ ብሮሸር ሲገለጥ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ማሽኑ በሰዓት የሚጨርሰው የናሙና ብዛት ነው። ለደም ባንክ ግን ይህ ቁጥር ብዙም ቁም ነገር የለውም። አብዛኛው ናሙና ኔጌቲቭ ይወጣል፤ 4+ (በጣም ጠንካራ ሪአክሽን) የሆነውን ደግሞ የትኛውም ማሽን አይስተውም። ማሽን ከማሽን የሚለየው 1+ ላይ ነው፦ ደካማዋን ሪአክሽን ያያታል ወይ? ካልለያትስ «አልለየኋትም» ብሎ ለባለሙያ ያሳልፋታል ወይ? በጄል ካርድ፣ በመስታወት ዶቃ ካሴት እና በሶሊድ ፌዝ የሚሠሩትን ሦስቱን የማሽን ዓይነቶች የምናየው በዚህ ዓይን ነው።

ደካማዋ ሪአክሽን ይህን ያህል የከበደችው በኪድ (ከደም ግሩፕ ሥርዓቶች አንዱ ነው) አንቲቦዲ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፀረ-ኪድ ኤ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ በወራት ውስጥ እየሳሳ ከፕላዝማ ሊጠፋ ይችላል። በሽተኛው ያንኑ አንቲጂን (አንቲቦዲው የተሠራበትን የሴል ምልክት) የያዘ ደም ዳግም ሲወስድ ግን ሰውነቱ አይረሳምና አንቲቦዲው በቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ የተሰጠው ደምም ይፈርሳል። ስክሪኑ ላይ ያለፈች 1+ የምታመጣው ጣጣ ይህ ነው። በኮምፒውተር ክሮስማች፣ ማለትም የለጋሹና የበሽተኛው ደም ተቀላቅሎ ሳይሞከር በመዝገብ ብቻ እየተመሳከረ፣ በሚሠራ ላብራቶሪ ደግሞ ከኋላ የሚይዛት ሌላ ወንፊት የለም፦ ስክሪኑ ኔጌቲቭ ከሆነ፣ የቀድሞ የአንቲቦዲ ታሪክ ከሌለና ኤቢኦ ግሩፑ ሁለት ጊዜ ከተረጋገጠ ደሙ ያለ ኮምብስ ክሮስማች ይወጣል።

ወደ ማሽኑ ከመግባታችን በፊት ስለ ሴሎቹ አንድ ነገር። ማሽን የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሚያገኘው በስክሪኒንግ ሴሎቹ ላይ ላለው አንቲጂን የተሠራውን አንቲቦዲ ብቻ ነው። ሴሎቹ ከኦ ግሩፕ ለጋሾች የተወሰዱ ናቸው፤ የተለመደው ባለ ሦስት ሴል ስብስብ በአርኤች ግሩፕ አጠራር አንዱ አር1አር1፣ አንዱ አር2አር2፣ አንዱ ደግሞ ዲ የሌለው አርአር ነው። ከዚህ ባሻገር መታየት ያለበት ሌሎቹ አንቲጂኖች፣ ደፊ ኤ እና ቢ፣ ኪድ ኤ እና ቢ፣ ትልቁና ትንሹ ኤስ እያንዳንዳቸው ቢያንስ በአንድ ሴል ላይ በድርብ መጠን፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጅ የተወረሱ ሆነው መገኘታቸው ነው። ደካማ ፀረ-ኪድ ኤ ነጠላ መጠን ባለው ሴል ላይ ዝም ብሎ በድርብ ሴል ላይ ብቻ ሊታይ ይችላል። ባለ ሁለት ሴል ስብስብ ካርድ ይቆጥባል፤ በሁለት ሴል ግን ይህን ሁሉ በድርብ ማሟላት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ካታሎግ በፊት የሴሎቹን አንቲግራም (እያንዳንዱ ሴል የያዛቸውን አንቲጂኖች የሚዘረዝር ሠንጠረዥ) አስመጡና በእርሳስ ምልክት እያደረጋችሁ አንብቡት። በምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚሠሩ ላብራቶሪዎች በአካባቢያቸው ሕዝብ ዘንድ ያለውን የሚልተንበርገር አንቲጂን የያዘ ሴል የሚጨምሩትም ለዚሁ ነው፦ የሕዝቡን አንቲጂን ያልያዘ ስብስብ በውድ ማሽን ላይ ቢጫንም ዕውር ነው።

ጄል ካርድ የእነዚህ ማሽኖች አንጋፋ ነው። ሐሳቡ የመጣው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ሊዮን ውስጥ ይሠራ ከነበረው ከኢቭ ላፒዬር ነው። ካርዱ ላይ የተደረደሩት ጠባብ ቱቦዎች ከላይ ሰፋ ያለች ጎድጓዳ ክፍል፣ ከታች ደግሞ ጸረ-ሂውማን ግሎቡሊን (አንቲቦዲ የተለጠፈባቸውን ሴሎች እርስ በርስ የሚያያይዝ ንጥረ ነገር) የተቀላቀለበት ጄል አላቸው። ማሽኑ 0.8 በመቶ የሆነ የሴል ድብልቅ 50 ማይክሮሊትር፣ ከዚያ 25 ማይክሮሊትር ፕላዝማ ይጨምራል፤ በ37 ዲግሪ 15 ደቂቃ ያቆያል፤ ከዚያም በዝቅተኛ ኃይል፣ በ85 ጂ (የስበት ኃይል 85 እጥፍ) ገደማ፣ ለ10 ደቂቃ ያሽከረክራል። አንቲቦዲ ያልተለጠፈባቸው ሴሎች በጄሉ ቅንጣቶች መካከል ሾልከው ታች እንደ ቁልፍ ይቀመጣሉ። የተለጠፈባቸው ደግሞ ተጓጉለው ይያዛሉ፦ 4+ ከሆነ ከጄሉ አናት ላይ እንደ ቀይ ክር፣ 2+ ከሆነ በቱቦው ርዝመት ተበታትነው፣ 1+ ከሆነ ታችኛው ግማሽ ላይ እንደ ብናኝ።

እዚህ ላይ የጨመራ ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም። ሴሉ ቀድሞ፣ ፕላዝማው ተከትሎ ነው የሚገባው። በፈሳሹና በጄሉ መካከል ስስ የአየር ክፍተት መቅረት አለበት። ፕላዝማው ቀድሞ ጄሉን ከነካ ውስጡ ያለው ልቅ ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ (ዋናው የአንቲቦዲ ዓይነት) ጸረ-ግሎቡሊኑን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት አንቲቦዲ የተለጠፈባቸው ሴሎች የሚይዛቸው አጥተው ወደ ታች ያልፋሉ። ውጤቱ ንጹሕ የሚመስል ኔጌቲቭ ነው። ጄል ማጠብ የማያስፈልገው በዚህ ክፍተት ምክንያት ነው፤ ሲሽከረከር ከባዱ ሴል ይወርዳል፣ ፕላዝማው ግን ከላይ ይቀራል። ስለዚህ ማሽኑ ሲታይላችሁ የፒፔቱን ጫፍ ተከታተሉ። ወደ ጄሉ በጣም ጠልቆ የሚወርድ፣ ወይም ጠብታውን በኃይል የሚተፋ ከሆነ ክፍተቱ አይኖርም። የተሠራውን ካርድ ወደ ኢንኩቤተር ከመግባቱ በፊት አስቁማችሁ በብርሃን ላይ ብታዩት ክፍተቱ በዓይን ይታያል።

በዚህ ዘርፍ የባዮ-ራድ አይኤች-500 እና አይኤች-1000 ባለ 6 ቱቦ ካርድ ይጠቀማሉ፤ የግሪፎልስ ኤሪትራ ደግሞ ባለ 8። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሒሳቡን ግን ሥሩት። በሦስት ሴል ብቻ ስክሪን የሚሠራ ላብራቶሪ በባለ 6 ካርድ ሁለት በሽተኛ ይጨርሳል፣ ትርፍ የለም። ለእያንዳንዱ በሽተኛ የራሱን ሴል ኮንትሮል (ፕላዝማው ከራሱ ሴል ጋር የሚሞከርበትን) የሚጨምር ከሆነ ግን አራት አራት ቱቦ ስለሚፈልግ ባለ 8 ካርድ ልክ ሲመጣለት በባለ 6 ሁለት ቱቦ ይተርፋል። ማሽኑ የተጀመረ ካርድ አስቀምጦ መልሶ የሚጠቀም ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ለምን ያህል ሰዓት እንደሚያስቀምጠው ጠይቁ።

የመስታወት ዶቃው ካሴት በሥራው ከጄሉ ብዙም አይርቅም፤ ወንፊቱ ጄል ሳይሆን ደቃቅ ዶቃ መሆኑ ነው። የኦርቶ ቪዥን ማሽን ባዮቪው ካሴት ሲሠራ ፕላዝማው 40 ማይክሮሊትር ነው፤ ማሽከርከሩ በሁለት ደረጃ ሆኖ በ55 ጂ 2 ደቂቃ፣ በ199 ጂ 3 ደቂቃ፣ በድምሩ 5 ደቂቃ ይጨርሳል። በአስቸኳይ ናሙና ላይ የ5 ደቂቃ ቁጠባ ይሰማል። የፕላዝማው መጠን ከፍ ማለቱ ግን ለጨቅላ ሕፃናት ናሙና አይመችም፤ በሦስት ሴል 120 ማይክሮሊትር፣ ያውም ማሽኑ በቱቦው ግርጌ የሚተወው ሳይቆጠር።

ሶሊድ ፌዝ ሌላ ዓለም ነው። የኢሚውኮር ኤኮ እና ኒዮ የሚሠሩት በዚህ ነው። የማይክሮፕሌቱ ጉድጓድ ግርጌ የስክሪኒንግ ሴሎቹ ሽፋን ቀድሞ ተለጥፎበት ይመጣል። ፕላዝማና ሊስ (ጨው ያነሰው፣ አንቲቦዲው ቶሎ እንዲለጠፍ የሚረዳ ፈሳሽ) ይጨመርበታል፤ በ37 ዲግሪ ይቆያል፤ ይታጠባል፤ ከዚያ ጸረ-ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ የተለጠፈባቸው ጠቋሚ ሴሎች ገብተው ይሽከረከራል። በጄል የለመደ ዓይን እዚህ ይሳሳታል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነውና። አንቲቦዲ ካለ ጠቋሚ ሴሎቹ የጉድጓዱን ግርጌ እንደ ቀይ ምንጣፍ ያለብሱታል፤ ከሌለ መሐል ላይ ተሰብስበው ጥርት ያለች ነጥብ ይሠራሉ። ደካማው ሪአክሽን ከሁለቱ መካከል ነው፦ መሐሏ ነጥብ የሚመስል፣ ዙሪያዋ ግን የጭጋግ ክበብ ያላት።

የዚህ ዘዴ ጥንካሬ ደካማ የኢሚውኖግሎቡሊን ጂ አንቲቦዲን፣ በተለይ የኪድን፣ ማነፍነፉ ነው። ጠቋሚው ይህን ዓይነት ብቻ ስለሚይዝ በቅዝቃዜ የሚነቃው የኢሚውኖግሎቡሊን ኤም አንቲቦዲ ሁካታም ይቀንሳል። ሌላው የወደድነው ነገር ሊሱ ቀለም ያለው መሆኑ ነው። ፕላዝማ ሲገባበት ከሐምራዊ ወደ ሰማያዊነት ይለወጣልና ፕላዝማ ያልገባበት ጉድጓድ ለዓይን ይታወቃል። ጄል ካርድ ይህ ጥቅም የለውም፤ እዚያ የፕላዝማውን መግባት የምታምኑት የፒፔቱን የግፊት መለኪያ አምናችሁ ነው።

ድክመቱም የሚጀምረው ከማጠቢያው ነው። ከማጠቢያው ራስ መርፌዎች አንዷ በጨው ቅርፊት ከተዘጋች በዚያች መስመር ያሉት ጉድጓዶች በግማሽ ይታጠባሉ። የቀረው ልቅ ኢሚውኖግሎቡሊን ጂ ጠቋሚ ሴሎቹን ያጠምዳቸዋል፤ ውጤቱ ሐሰተኛ ኔጌቲቭ ይሆናል። ምልክቱ ቋሚነት ነው፦ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ያለ ጉድጓድ ከጎረቤቶቹ ደከም ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ኮንትሮል ሁልጊዜ በአንድ ጉድጓድ አታስቀምጡ፤ ቦታውን አዟዙሩት። ከዚህ ሌላ ሶሊድ ፌዝ መለያ የሌለው ፖዘቲቭ ያበዛል። በስክሪን ፖዘቲቭ ሆኖ በፓነል (አንቲቦዲውን ለመለየት በሚያገለግል ሰፋ ያለ የሴል ስብስብ) ላይ የትኛውንም አንቲጂን የማይከተል ሪአክሽን የባለሙያውን ሰዓት ይበላል። ሁለተኛ ዘዴ፣ ጄል ወይም ቱቦ፣ አጠገቡ ለሌለው ላብራቶሪ ይህ ራስ ምታት ነው።

አሁን ወደ ካሜራው። ሦስቱም ውጤቱን በፎቶ ያነባሉ፤ ጥሩዎቹ ካርዱን ከፊትም ከኋላም ያነሳሉ። ምክንያቱም የተጓጎለ ቅንጣት በአንድ ወገን ተለጥፎ ከሌላው ወገን ላይታይ ይችላል። ማሽኑ ያልለየውን በ«?» ምልክት ያሳልፋል። ሻጮች «?» ማነሱን እንደ ኩራት ይነግሩናል፤ እኛ ግን ጥቂት «?» የሚያወጣ ማሽን ስናይ ጥቂት ሪአክሽን ዝም ብሎ ኔጌቲቭ እንዳላደረገ ማረጋገጥ እንፈልጋለን። ባለሙያው ውጤቱን በእጁ ሲለውጥ ፎቶው፣ የማሽኑ ንባብ፣ የሰውየው ንባብ፣ ስሙና ሰዓቱ አብረው ካልተቀመጡ ያ ሶፍትዌር ለደም ባንክ አይሆንም።

ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ከየት ይመጣል? በብዛት ከፋይብሪን፣ ደም ሲረጋ ከሚፈጠረው ክር። በቂ ሳይረጋ የተሽከረከረ ሴረም፣ ወይም ሄፓሪን ከሚወስድ በሽተኛ የመጣ ናሙና ጄሉ አናት ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ይተዋል። ሴሎቹ በፋይብሪን መረብ ተይዘው እንጂ ተጓጉለው አይደለም። ከላይ መስመር፣ ከታች ንጹሕ ቁልፍ፣ በመሐል ባዶ ካያችሁ ናሙናውን መልሳችሁ አሽከርክሩና ድገሙት። ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው በኢዲቲኤ ቱቦ መሥራት ይህን ችግር በአብዛኛው ያስቀረዋል። ቀጥሎ የካርዱ ጤና ነው። በጉዞ ላይ ተኝቶ የመጣ ካርድ ፈሳሹ ወደ ፎይሉ ረጭቶ፣ ጄሉ አረፋ ይዞ ወይም አናቱ ደርቆ ይገኛል። ማሽኑ ይህን ካላየ ባለሙያው ከመጫኑ በፊት ማየት አለበት። የሴንትሪፊውጁ ፍጥነትም ሁለት ፊት አለው፦ ሲያንስ ያልተጓጎሉት ሴሎች መንገድ ላይ ቀርተው 1+ ይመስላሉ፣ ሲበዛ ደግሞ ደካማውን ጓጓላ በጉልበት አሳልፎ ወደ ታች ይጥለዋል።

ሴሎቹ ራሳቸው ይዘቅጣሉ። 0.8 በመቶ ቀጭን ድብልቅ ስለሆነ ማወዛወዣው ከቆመ ብዙም ሳይቆይ የጠርሙሱ አናት ውኃ፣ ግርጌው ወፍራም ይሆናል። ከአናቱ የተቀዳው ቱቦ ግርጌ ላይ የምትታየው ቁልፍ ብጣሽ ትሆናለች፤ ጥሩ ማሽን «ሴል አንሷል» ብሎ ውጤቱን ይከለክላል። ማሽኑን አንድ ሌሊት ሴል ተጭኖበት አሳድሩና ጠዋት የመጀመሪያውን ናሙና ውጤት እዩ። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አንዳንድ በሽተኛ በሴሉ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ ላለ መድኃኒት አንቲቦዲ ያለው መሆኑ ነው። ሦስቱም ሴል ፖዘቲቭ፣ የራሱ ሴል ኮንትሮል ኔጌቲቭ ይሆናል። የሪኤጀንት ሴሉን በሳላይን አጥባችሁ በእጅ ስትደግሙት ከጠፋ ጉዳዩ እሱ ነው። ዳራቱሙማብ (የመልቲፕል ማይሎማ መድኃኒት) የሚወስድ በሽተኛ ግን በየትኛውም ዘዴ ሁሉንም ሴል ፖዘቲቭ ያደርጋል፤ መፍትሔው ሴሎቹን ዲቲቲ በተባለ ኬሚካል በ0.2 ሞላር መጠን ማከም ነው። ዲቲቲ የኬል አንቲጂኖችንም ስለሚያጠፋ ፀረ-ኬ አልተፈተሸም ማለት ነው፤ ኬ ኔጌቲቭ ደም ይሰጣል። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው፤ «ሙሉ አውቶማቲክ» የሚለው ቃል እዚህ ሲደርስ ያቆማል።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ከወዲሁ ጠይቁ። ሊስ ያለበት ድብልቅ 15 ደቂቃ የተባለው 40 ደቂቃ ካለፈው አንቲቦዲው ከሴሉ መላቀቅ ይጀምራልና ደካማው ሪአክሽን ይሳሳል። መብራት ሲመለስ ሥራውን ካቆመበት የሚቀጥል ማሽን እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ የተጀመረውን ጥሎ ከመጀመሪያው መድገም አለበት። ዩፒኤስ የሚያስፈልገውም ማሽኑ ሲጠፋ እንዳይከፋን ሳይሆን ኢንኩቤሽን ላይ ያለው ካርድ እስኪጨርስ ነው።

የዕለቱ ኮንትሮል ደካማ ይሁን። ብዙ ላብራቶሪ በ4+ ኮንትሮል ማሽን ሲፈትሽ ይኖራል፤ እሱ የሚያሳየው ማሽኑ አለመሞቱን ብቻ ነው። በሚሊሊትር 0.1 ዓለም አቀፍ ዩኒት የሆነ ደካማ ፀረ-ዲ ከአንድ ንጹሕ ኔጌቲቭ ጋር ይጫን። ማሽኑ ሁለት ሴንትሪፊውጅ ወይም ሁለት ኢንኩቤተር ካለው ኮንትሮሉ በሁለቱም ማለፉን አረጋግጡ፤ ሶፍትዌሩ በሰዓቱ ነፃ ወደሆነው አንዱ ብቻ ሊልከው ይችላልና ሌላው ለሳምንታት ሳይፈተሽ ይሠራል።

ፍርዳችን ይህ ነው። ናሙናው ተራ በተራ ቀንና ሌሊት ለሚመጣበት፣ ባለሙያው ጥቂት ለሆነ ላብራቶሪ ጄል ወይም ዶቃ ይሻላል። ትልቁ ምክንያት ማሽኑ ሲቆም ያው ካርድ በትንሽ ኢንኩቤተርና በጠረጴዛ ሴንትሪፊውጅ በእጅ መሠራቱ ነው፤ መጠኑም ጊዜውም አይለወጥም። ሶሊድ ፌዝ ማጠቢያ ስለሚፈልግ ማሽኑ ከቆመ የእጁ መንገድ ይረዝማል። ብዙ ናሙና በአንድ ጊዜ የሚጭን፣ ሁለተኛ ዘዴ ያለውና ፓነል ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ያሉት ማዕከል ግን በሶሊድ ፌዝ ንቃት ይጠቀማል። ውሉን ስትፈርሙ የኩባንያ ስም ብቻ አትመኑ፤ ባዮ-ራድ የጄል ካርድ አምራቹን ዲያሜድን በ2007 እ.ኤ.አ. ገዛ፣ ኦርቶ በ2022 ከኩይደል ጋር ተዋሐደ፣ ኢሚውኮር በ2023 ወደ ወርፈን ገባ። መለዋወጫ፣ የሴል ጭነት በየስንት ሳምንቱ እንደሚደርስና ቴክኒሻን በስንት ሰዓት እንደሚመጣ በወረቀት ይስፈር። የስክሪኒንግ ሴል ዕድሜው በሳምንታት የሚቆጠር ስለሆነ አንድ ጭነት ከዘገየ ማሽኑ ያለ ሥራ ቁጭ ይላል።

ከመፈረማችሁ በፊት ማሽኑን ለሁለት ቀን በራሳችሁ ናሙና ፈትኑት። 4+ የሚሰጥ ጠንካራ ፀረ-ዲ እና ንጹሕ ኔጌቲቭ እያፈራረቃችሁ፣ አንዱን ፖዘቲቭ አንዱን ኔጌቲቭ፣ 10 ናሙና ደርድሩ፤ ከኔጌቲቮቹ አንዷ እንኳ ፖዘቲቭ ብትወጣ ፒፔቱ በደንብ አይታጠብም ማለት ነው። ደካማ ፀረ-ኪድ ያለበት የተቀመጠ ፕላዝማ ካላችሁ አምስት ጊዜ ድገሙት፤ አምስቱም እኩል እንዲወጡ አይጠበቅም፣ ግን አንዱም ኔጌቲቭ መሆን የለበትም። በእንጨት ስንጥር የተወሰደ ክር ፋይብሪን በአንድ ቱቦ ውስጥ ጣሉና ፒፔቱ ሲዘጋ ምን እንደሚል ስሙ። መጨረሻ ላይ አንድ ቱቦ በፕላዝማ ፈንታ ሳላይን ብቻ ሞልታችሁ፣ ባርኮድ ለጥፋችሁ፣ ምንም ሳትናገሩ ጫኑት። ሦስት ንጹሕ ኔጌቲቭ አውጥቶ፣ ምንም ምልክት ሳያደርግ በራሱ ወደ ኮምፒውተር ካሳለፈው ሻጩን ጠርታችሁ የማሽኑን ስክሪን አሳዩት።